በይደር የተያዘ ውሳኔ፦ «አዎ»ም «አይ»ም ያልሆነው የዲሴምበር ደብዳቤ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በዲሴምበር አጋማሽ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አጎቴ ቤት ሳሎን አምስት ሰው ሆነን አንድ ላፕቶፕ ከበን ተቀምጠናል። የአጎቴ ልጅ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ከሁሉም አስበልጣ የምትመኘው ዩኒቨርሲቲ መልሱን የሚለቀው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። ቡናው ቀርቧል፤ አጎቴ የደስታዋን ሰዓት ሊቀርጽ ስልኩን ደግኖ ይጠብቃል። ሰዓቱ ደረሰ። ፖርታሉን ከፈተች፣ አነበበች፣ ዝም አለች።

«አለፍሽ?» አለ አጎቴ።

«አይ።»

«ወደቅሽ?»

«እሱም አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ዲፈር አደረጉኝ።»

አጎቴ የተማረው አዲስ አበባ ነው። በእሱ ዘመን ፈተና ወይ ይታለፋል ወይ ይወደቃል፤ ያለፈውን መንግሥት ይመድበዋል፤ በቃ። ዛሬ አገር ቤት «ሪሜዲያል» የሚባል መካከለኛ በር አለ፤ ያኔ ግን አልነበረም። «ስብሰባ ላይ ‹አጀንዳው በይደር ተይዟል› እንደሚባለው ነው» ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ። ትንሽ አሰበና «ታዲያ ጥሩ ዜና ነው መጥፎ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። የምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ ስለ ወረፋ፣ ስለ አቅም፣ ስለ መረጃ መጠን ዓመታት ተምሬያለሁ። ጥያቄው ግን ቤቴ ከገባሁም በኋላ አልለቀቀኝም። ይህ ጽሑፍ ያን ማታ ለአጎቴ ልሰጠው ይገባ የነበረው መልስ ነው። ፍሬ ነገሩን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ደብዳቤው በአብዛኛው የሚያወራው ስለ ዩኒቨርሲቲው ጥርጣሬ ነው። የመጠበቁን ዋጋ የሚከፍለው ግን ተማሪው ነው። ይህን ማወቅ ሕመሙን አያጠፋውም፤ ቀጥሎ ምን መደረግ እንዳለበት ግን በደንብ ያሳያል።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደብዳቤው ከየት ይመጣል?

አሜሪካ ውስጥ ተማሪዎችን ለየዩኒቨርሲቲው የሚያከፋፍል አንድ ማዕከል የለም። ተማሪው ለፈለጋቸው ዩኒቨርሲቲዎች በየራሳቸው ያመለክታል፤ እያንዳንዱም ብቻውን ይወስናል። መደበኛው ዙር ብዙ ቦታ የሚዘጋው ጃንዋሪ 1 አካባቢ ሲሆን መልሱ የሚመጣው ማርች ማብቂያ ላይ ነው። ተማሪው ደግሞ እስከ ሜይ 1 ድረስ የሚገባበትን መርጦ ያሳውቃል።

ከዚህ በፊት ግን ቀደም ያለ ዙር አለ። ማመልከቻው ኖቬምበር 1 ወይም 15 አካባቢ ይገባል፤ መልሱ ዲሴምበር አጋማሽ ገደማ ይደርሳል። ዋና ዋናዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። «ኧርሊ ዲሲዥን» የሚባለው ቃል ኪዳን አለበት፦ ተማሪው ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻ በዚህ መንገድ ያመለክታል፤ ከተቀበሉት ሌሎቹን ማመልከቻዎች ትቶ ይገባል። «ኧርሊ አክሽን» የሚባለው ደግሞ መልሱን ቀድሞ ይሰጣል እንጂ ተማሪውን አያስርም። በሁለቱ መካከል ያለ ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ አያስርም፣ ግን በዚያው ወቅት ለሌላ የግል ዩኒቨርሲቲ በቀደምት ዙር ማመልከትን ይከለክላል።

ለቀደምት አመልካች የሚመጣው መልስ ከሦስት አንዱ ነው፦ ተቀብለንሃል፣ አልተቀበልንህም፣ ወይም ዲፈር ተደርገሃል። ዲፈራል ማለት ማመልከቻችሁ ሳይዘጋ ወደ መደበኛው ዙር ተዛወረ፣ ከአዲሶቹ አመልካቾች ጋር እንደገና ይነበባል፣ ውሳኔው በማርች ይነገራችኋል ማለት ነው። ብዙ ሰው ከ«ዌይትሊስት» ጋር ያምታታዋል። ዌይትሊስት ማርች ላይ የሚመጣ የወረፋ ቦታ ነው፤ ውሳኔው አልቆ፣ የተጠሩት ሳይመጡ ሲቀሩ ወንበር ቢተርፍ የምትጠሩበት። በዲፈራል ግን ገና አልተወሰነም።

«ዞሬ ልምጣ»

ዩኒቨርሲቲው ለምንድን ነው ቁርጡን የማይናገረው? ጥያቄውን እንደ መሐንዲስ እንየው።

አንድ ኮሌጅ 1,000 ወንበር አለው እንበል። 1,000 ተማሪ ብቻ ቢቀበል ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ ሌላ ቦታ መርጦ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ አብዝቶ ይቀበላል። ካለፉት ዓመታት ተነስቶ «ከተቀበልኳቸው ሦስት አንዱ ይመጣል» ብሎ ካሰበ 3,000 ተማሪ ይቀበላል። ከተቀበሏቸው ውስጥ በእርግጥ የሚመጡት ድርሻ በእንግሊዝኛው «ዪልድ» ይባላል፤ የቅበላ ቢሮዎች እንቅልፍ የሚያጡትም በዚህች ቁጥር ነው። ግምቱ ትንሽ ቢሳሳትስ? ከመቶ 38 ቢመጡ 1,140 ተማሪ ይሆናል፤ 140ዎቹ የዶርም አልጋ የላቸውም። ከመቶ 28 ቢመጡ 840 ብቻ ነው፤ 160 ወንበርና የ160 ሰው ክፍያ ጎደለ። ጥቂት የመቶኛ ነጥቦች ስሕተት በመስከረም ወር ትልቅ ቀውስ ትሆናለች።

እንግዲህ ዲሴምበር ላይ ያለውን የቅበላ ቢሮ አስቡት። ያየው የቀደሙትን አመልካቾች ብቻ ነው። በጃንዋሪ ምን ያህል ሰው እንደሚያመለክት፣ ስንቱ ከየትኛው ክፍለ ግዛት እንደሚመጣ፣ ስንቱ ምህንድስና ስንቱ ሙዚቃ እንደሚፈልግ ገና አያውቅም። እጁ ላይ ደግሞ ጎበዝ የሆነች፣ ግን «ከሚመጡት ጋር አወዳድረን እንይ» የምታሰኝ አንዲት ተማሪ አለች። አሁን «አዎ» ቢላት አንድ ወንበር ሄደ፤ መልሶ ሊወስደው አይችልም። አሁን «አይ» ቢላት ደግሞ በማርች ቢፈልጋትም አያገኛትም። ስለዚህ ሦስተኛውን ይመርጣል።

ይህን መርካቶ የወጣ ሰው በደንብ ያውቀዋል። ጫማ አይታችሁ ወደዳችሁት፤ ግን ሌሎቹን ሱቆችም ማየት ትፈልጋላችሁ። ባለሱቁን ምን ትሉታላችሁ? «ያዝልኝ፣ ዞሬ ልምጣ።» ጫማው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ገበያውን ገና አይታችሁ ስላልጨረሳችሁ ነው።

ባለሱቁም ግን ሞኝ አይደለም። «ልያዝልህ፣ ግን ቀብድ ጣል» ይላል። ዕቃውን ለእናንተ ሲይዝ ሌላ ገዥ ሊያመልጠው ይችላልና የመጠበቁን ዋጋ አስቀድሞ ይካፈላችኋል። በኢኮኖሚክስም ቢሆን «በኋላ የመወሰን መብት» ራሱን የቻለ ዋጋ አለው፤ ሰዎች ገንዘብ ከፍለው ይገዙታል።

ዲፈራል ላይ ቀብድ የለም። ዩኒቨርሲቲው ተማሪዋን ለሦስት ወር ሲያቆይ የሚያወጣው ወጪ ከምንም አይቆጠርም፤ ፋይሉ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል። በይደር ማቆየት ለእሱ ርካሽ ስለሆነም በብዛት ያቆያል። ዋጋው የሚከፈለው በሌላው በኩል ነው፤ እንቅልፍ በማጣት፣ ከቤተሰብ ጋር በመጨቃጨቅ፣ ሌላ ማመልከቻ ለመጻፍ ወኔ በማጣት። ያን ማታ ሳሎን ውስጥ ያየሁት ይህንኑ ነው።

ሌላ መንገድ አለ?

የሚገርመው ነገር፣ «በይደር መቀበል» የሚል ስም ያለው ዝነኛ የሒሳብ ዘዴ አለ፤ የተፈለሰፈውም ለዚሁ ለኮሌጅ ቅበላ ነው። በ1962 ዴቪድ ጌልና ሎይድ ሻፕሊ የተባሉ ሁለት የሒሳብ ሊቃውንት ስለ ኮሌጅ ቅበላና ስለ ጋብቻ ጽናት አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተሙ። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ተማሪዎች ሁሉ ምርጫቸውን በቅደም ተከተል ይጽፋሉ። መጀመሪያ ሁሉም ወደ አንደኛ ምርጫቸው ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ኮሌጅ በወንበሩ ልክ የወደዳቸውን «በይደር» ይይዛል፤ የቀሩትን ያሰናብታል። የተሰናበቱት ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ይሄዳሉ፤ ኮሌጁ አዲሶቹን ከያዛቸው ጋር ያወዳድርና ደካማውን ይለቃል። የሚሰናበት እስኪጠፋ ድረስ ይህ ይደጋገማል፤ ከዚያ በይደር የተያዙት ሁሉ ተቀባይነት ያገኛሉ። ሁለቱ ሰዎች በዚህ መንገድ የሚገኘው ድልድል የረጋ እንደሆነ አረጋገጡ፤ ማለትም ከተመደቡበት ይልቅ እርስ በርስ የሚመራረጡ አንድ ተማሪና አንድ ኮሌጅ አይገኙም።

ሻፕሊ ዘዴውን በተግባር ካዋለው ከአልቪን ሮት ጋር በ2012 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች ለስፔሻሊቲ ሥልጠና የሚመደቡበት «ማች»፣ የኒው ዮርክ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ምደባም በዚህ ሐሳብ ላይ የቆሙ ናቸው።

በዚህ ዘዴ ውስጥም ሁሉም ሰው «ዲፈር» ይደረጋል፤ ነገር ግን ይደሩ ኮምፒውተር ውስጥ ይጀምራል፣ እዚያው ያልቃል። ተማሪው የሚያየው የመጨረሻውን መልስ ብቻ ነው። የአሜሪካ ኮሌጆች ግን በማዕከል አይመደቡም፤ እያንዳንዱ በየራሱ ሰዓት ይወስናል። ስለዚህ ማሽን በሰከንድ ሊሠራው የሚችለውን መጠበቅ የ17 ዓመት ልጆች ለሦስት ወር ይኖሩታል።

ደብዳቤው ስንት ቢት ዜና ይዟል?

አሁን ወደ አጎቴ ጥያቄ እንመለስ። ጥሩ ዜና ነው መጥፎ?

በ1948 ክላውድ ሻነን የተባለ መሐንዲስ የዜናን መጠን መለኪያ አበጀ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ አንድ ነገር የሚነግራችሁ ብዛት በሚያስገርማችሁ መጠን ይለካል። ሳንቲም ወርውራችሁ ዘውድ ወይስ ጎፈር መሆኑን ማወቅ 1 ቢት ዜና ነው። «ነገ ፀሐይ ትወጣለች» ማለት ግን ዜሮ ቢት ነው፤ ማንም ያውቀዋል።

እስቲ በእውነተኛ ቁጥር እንሞክረው። ኤምአይቲ የቀደምት ዙር ቁጥሮቹን በይፋ ያወጣል። በዲሴምበር 2023 መልስ ከጠበቁት ከ12,500 በላይ ቀደምት አመልካቾች ውስጥ የተቀበላቸው 661 ነበሩ፤ ከ100 ወደ 5 ገደማ። ዲፈር የተደረጉት ደግሞ ከጠቅላላው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ። በሻነን ቀመር ስናሰላው፣ «ተቀብለንሃል» የሚለው መልስ 4.2 ቢት ያህል ዜና አለው፤ «በይደር ይዘንሃል» የሚለው 0.6 ቢት ብቻ። ከአንድ የሳንቲም ውርወራ ያነሰ! ከሦስት ሰው ሁለቱ የሚደርሰው ደብዳቤ ስለ አንዱ ሰው ብዙ ሊናገር አይችልም። ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለብዙ ዓመታት በቀደምት ዙር ያልተቀበላቸውን በሙሉ ወደ መደበኛው ዙር ሲያዛውር ኖሯል። እዚያ «ዲፈር ተደረግሁ» ማለት «ዛሬ አልተቀበሉኝም» ከማለት የተለየ ምንም ዜና የለውም።

ሁለት ነገር ግን አትሳሳቱ። አንደኛ፣ ቢቱ የሚለካው ዜናውን ነው እንጂ ዕድላችሁን አይደለም። በጣም መራጭ በሆኑ ዩኒቨርሲቲዎች በይደር ከቆዩት ውስጥ በማርች የሚገቡት ከመቶ ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። በሩ አልተዘጋም፤ ቢሆንም ጠባብ ነው። ሁለተኛ፣ ሁሉም ዩኒቨርሲቲ እንደ ኤምአይቲ አይደለም። ብዙውን ወዲያው አሰናብቶ ጥቂቱን ብቻ የሚያቆይ ቦታ «ቆይ» ሲል ከልቡ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ይሁን፦ ይህ ዩኒቨርሲቲ ከመቶ ስንቱን ያቆያል? ካቆያቸውስ ስንቱን ይቀበላል? አንዳንዶቹ በድረ ገጻቸው ያወጡታል፤ ካልሆነም የትምህርት ቤታችሁ ካውንስለር ካለፉት ዓመታት ተማሪዎች ልምድ ሊነግራችሁ ይችላል።

እንዲህ ከሆነ ለምን ያማል?

ቁጥሩን ማወቅና ማታ መተኛት ለየቅል ናቸው። ለምን መሰላችሁ?

በ2016 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 45 ፈቃደኞችን የኮምፒውተር ጨዋታ አጫወቱ። ስክሪኑ ላይ ድንጋይ አለ፤ ከሥሩ እባብ ይኑር አይኑር ትገምታላችሁ። እባብ ካለ እጃችሁ ላይ ቀላል ግን የሚያም የኤሌክትሪክ ንዝረት ይለቀቅባችኋል። ተመራማሪዎቹ የሰዎቹን ላብና የዓይን ብሌን መስፋት እየለኩ ጭንቀታቸውን ተከታተሉ። ሰዎቹ ከሁሉ በላይ የተጨነቁት መቼ ነው? ንዝረቱ መምጣቱ እርግጥ ሲሆን አይደለም። ዕድሉ 50 በ50 ሲሆን ነው። መምጣቱን በእርግጠኝነት ያወቀ ሰው ይመጣ ይሆን ወይስ አይመጣ ይሆን ከሚለው ሰው ይልቅ ተረጋግቶ ነበር።

ይህ ያን ማታ ያልገባንን ነገር ያብራራል። የአጎቴ ልጅ «ምነው ቁርጡን በነገሩኝ!» ስትል የማታመሰግን መስላን ነበር። አእምሮዋ ግን ትክክለኛውን እየተናገረ ነበር፤ ቁርጥ ያለ ክፉ ዜና ከተንጠለጠለ ተስፋ ሊቀል ይችላል።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሪቨርሳይድ፣ ኬት ስዊኒ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ መጠበቅን ራሱን ታጠናለች። ከጥናቶቿ አንዱ የካሊፎርኒያን የጥብቅና ፈተና ወስደው ውጤቱን ለአራት ወር የሚጠብቁ የሕግ ምሩቃንን ተከታትሏል። ጭንቀቱን ለማፈን፣ ወይም «ሁሉም መልካም ይሆናል» እያሉ ራስን ለማሳመን የተደረገው ሙከራ ሕመሙን አላስታገሰም። የሚገርመው ግን ውጤቱ ሲመጣ ነው፦ በመጠበቂያው ወራት የተጨነቁትና ክፉውንም ያሰቡት ሰዎች መጥፎ ዜናን በተሻለ ቻሉት፤ ጥሩ ዜና ሲመጣላቸው ደግሞ የበለጠ ፈነጠዙ። ስለዚህ ከተጨነቃችሁ ደካማ ስለሆናችሁ አይደለም። መጨነቁ ሥራ እየሠራ ነው።

የሚረዳ ነገርም አግኝተዋል። ስዊኒና ባልደረቦቿ የሰዎችን ፎቶ ወስደው «ሌሎች ስለ መልካችሁ እየፈረዱ ነው፣ ጠብቁ» አሏቸው፤ እየጠበቁም ቴትሪስ አጫወቷቸው። ጨዋታው እንደየሰዉ ችሎታ ከፍ ዝቅ ሲል፣ ማለትም ብዙም ሳይቀል ብዙም ሳይከብድ፣ ሰዎቹ ጨዋታው ውስጥ ሰጠሙ፤ መጠበቁም ቀለላቸው። ዘና ማለት ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። ጭንቅላትን ሙሉ በሙሉ የሚይዝ፣ ከአቅማችሁ ትንሽ ከፍ ያለ ሥራ ያስፈልጋል፤ ፕሮግራም መጻፍ ሊሆን ይችላል፣ ክራር መማር ሊሆን ይችላል፣ እግር ኳስም ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አንደኛውና ዋነኛው፦ ሌሎቹን ማመልከቻዎች ጨርሱ። ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ጃንዋሪ 1 ያለው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ብዙ ተማሪ የሚጎዳው በዲፈራሉ አይደለም፤ ዲፈራሉ ካመጣው ሐዘን የተነሳ የቀሩትን ማመልከቻዎች በግማሽ ልብ በመጻፉ ነው። ሁለት ቀን አልቅሱ፤ በሦስተኛው ቀን ተቀመጡ።

ሁለተኛ፦ ደብዳቤውን እንደገና፣ በእርጋታ አንብቡት። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ተጨማሪ ደብዳቤ ይቀበላሉ፤ አንዳንዶቹ በግልጽ አትላኩ ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ የራሳቸው ቅጽ አላቸው፤ ለምሳሌ ኤምአይቲ በፌብሩዋሪ የሚሞላ ቅጽ አለው። የሚቀበሉ ከሆነ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ደብዳቤ ጻፉ፤ አሁንም እንደምትፈልጓቸው፣ ከኖቬምበር ወዲህ ምን አዲስ ነገር እንደሠራችሁ። ያው ታሪክ በሌላ ቃል ከሆነ ይቅር። በየሳምንቱ መላክ ደግሞ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ሦስተኛ፦ ትምህርታችሁን አትልቀቁ። ካውንስለራችሁ የ12ኛ ክፍል የመጀመሪያ መንፈቅ ውጤት ይልካል፤ በማርች ፋይላችሁ እንደገና ሲከፈት ካለው አዲስ ማስረጃ ትልቁ እሱ ነው።

አራተኛ፦ ስለ ገንዘብ ተነጋገሩ። በኧርሊ ዲሲዥን አመልክታችሁ ዲፈር ከተደረጋችሁ ቃል ኪዳኑ ወደቀ ማለት ነው፤ በማርች ቢቀበሏችሁም መግባት አለመግባት የእናንተ ምርጫ ነው። ይህ ለብዙ የስደተኛ ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው፤ የተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጡትን የገንዘብ ድጋፍ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ይቻላል። ለዚህ ግን ፋፍሳውን፣ የሚጠየቅ ከሆነም ሲኤስኤስ ፕሮፋይሉን በጊዜው መሙላት ያስፈልጋል። ፋፍሳ ለዜጎች ብቻ አይደለም፤ ግሪን ካርድ ያላቸው፣ ጥገኝነት ያገኙና ስደተኛ ተብለው የተመዘገቡም ሊሞሉት ይችላሉ።

አምስተኛ፦ ለቤተሰብ አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጁ። እኛ ቤት መልስ የመጣው ሲመሽ ነበር፤ አዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። አያታችን ጎህ ሲቀድ ደወሉ፤ ከዚያ የአጎቴ ሚስት እኅት፣ ከዚያ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ከዚያ ጎረቤት። እያንዳንዱ በፍቅር ነው የጠየቀው። እያንዳንዱም ጥያቄ ቁስሉን ነካካው። በኋላ አጎቴ ራሱ ስልኩን ተረከበ፦ «ውሳኔው በይደር ተይዟል፤ ማርች መጨረሻ ላይ እኛው እንነግራችኋለን።» ከዚያ በኋላ የሚጠይቃት ሰው አልነበረም። ለወላጆች የምመክረው ይህን ነው፤ ልጃችሁን ከማጽናናት በላይ ጥያቄውን ከላይዋ ላይ አንሱላት።

ከማርች ወዲያስ?

«የት ገባች?» የሚለው ነገር ሕይወትን ምን ያህል ይወስናል? በ2002 ስቴሲ ዴልና አለን ክሩገር የተባሉ ተመራማሪዎች በተመሳሳይ ዩኒቨርሲቲዎች አመልክተው ተመሳሳይ መልስ ያገኙ ተማሪዎችን አወዳደሩ። ወደ ይበልጥ ዝነኛው የገቡትና ዝቅ ወዳለው የገቡት ከዓመታት በኋላ የሚያገኙት ገቢ በአማካይ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ይዘውት የመጡት ትጋትና ፍላጎት ከበሩ ስም በላይ ይመዝን ነበር።

ግን እውነቱን ሙሉ እንናገር። ሁለቱ ተመራማሪዎች በዚያና ከዚያ በኋላ በሠሩት ሥራ የተለዩ ቡድኖችንም አግኝተዋል፦ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡ፣ ጥቁርና ሂስፓኒክ የሆኑ፣ ወላጆቻቸው ብዙ ያልተማሩ ተማሪዎች። ለእነሱ ዝነኛ ዩኒቨርሲቲ መግባት የገቢ ልዩነት ያመጣ ነበር፤ ምናልባት ቤተሰብ ሊሰጣቸው ያልቻለውን ትውውቅ ስለሚሰጣቸው። ከብዙ ሐበሻ ቤት የወጣ ልጅ በዚህ ቡድን ውስጥ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ምንም ለውጥ የለውም» ብዬ አልዋሻችሁም። የምለው፣ ዝናው ባይሳካ ሌላ ቦታ ገብታችሁ ያንኑ ትውውቅ፣ ፕሮፌሰሮችን፣ የሥራ ልምምዱን ራሳችሁ ሆን ብላችሁ መፈለግ አለባችሁ፤ በራሱ አይመጣም።

ሐዘኑስ? በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዶርም በዕጣ ይደርሳቸው ነበር። ተመራማሪዎች አስቀድመው «ጥሩው ቢደርሳችሁ፣ መጥፎው ቢደርሳችሁ ከዓመት በኋላ ምን ያህል ደስተኛ ትሆናላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ተማሪዎቹ ትልቅ ልዩነት ተነበዩ። ከዓመት በኋላ ሲጠየቁ ግን የሁለቱም ወገን ደስታ ተመሳሳይ ነበር። ሰው የራሱን መልመድ አስቀድሞ መገመት አይችልበትም።

የአጎቴ ልጅ ማርች መጨረሻ ላይ መልሱ መጣላት። «አይ» ነበር። አንድ ማታ አለቀሰች፤ የዲሴምበሩን ያህል ግን አይደለም። በዚያ ሰዓት እጇ ላይ ሌሎች ሁለት «አዎ»ዎች ነበሩ፤ አንደኛው ከጥሩ የገንዘብ ድጋፍ ጋር። ሁለቱም የመጡት በዚያ በዲሴምበር ማብቂያ፣ ዓይኗ እንዳበጠ፣ የገና ዕረፍቷን ሠውታ ከጻፈቻቸው ማመልከቻዎች ነው። አሁን ሲቪል ምህንድስና እየተማረች ነው።

አጎቴ ጥያቄውን ዛሬ ቢደግምልኝ እንዲህ እለዋለሁ፦ ጥሩም መጥፎም ዜና አይደለም፤ ገና ዜና አይደለም። ገዥው ገበያውን እየዞረ ነው። ቀብድ አልጣለምና እኛም ሱቃችንን አንዘጋለትም።